የእማማ ቢጫ ጠጠር

ሰዓት ሠሪው የሞተው ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ነው። አንገቱ ወደ ኋላ ተንጋሏል፤ የአንድ እግሩ ጫማ ወልቆ ወዲያ ተወርውሯል። ከፊቱ ያለው የሉዶ ሰሌዳ ግን ጠጠሮቹ በወጉ ተደርድረው ተዘርግቷል። መርማሪዋ ዓይኗን ከዚያ ላይ መንቀል አቃታት። ጫማው እስኪወልቅ የተፈራገጠ ሰው፣ ጉልበቱ ሥር ያለውን ጠረጴዛ እንዴት ሳይነካው ቀረ?

መርማሪዋን ባልደረቦቿ «ቁጭበይ» ይሏታል። ገና ሥራ ስትጀምር አለቃዋ በቀን አሥር ጊዜ «ኧረ ቁጭ በይ» ሲላት ስም ሆኖባት ቀረ። ከመስኮት ወደ በር፣ ከበር ወደ መስኮት ካልተመላለሰች ማሰብ አይሆንላትም። ዛሬም ክፍሉን ሦስት ጊዜ ዞረችው። በሦስተኛው ጎንበስ ብላ ከሶፋው ሥር አንዲት ቀይ ጠጠር አወጣች።

«ሰሌዳው ወድቆ ነበር፤» አለች። «መልሶ የደረደረው ሰው ይቺን አላያትም።»

ሐኪሙ የሶፋውን ትራስ በጓንት እጁ አነሳ። «በዚህ ነው ያፈኗቸው። ከዘጠኝ ተኩል እስከ አሥር ተኩል ባለው ጊዜ ውስጥ።»

«እንግዲህ ነገሩ ያለቀለት ነው፤» አለ ሳጅኑ። «ስምንት ተኩል ላይ ከልጃቸው ጋር ሲጯጯሁ ሕንፃው ሁሉ ሰምቷል። አውቶቡስ ሹፌር ነው። ጣቢያ አስቀምጠነዋል።»

በሩ ላይ የሟች ሴት ልጅ ቆማለች። ልብስ ሰፊ ናት፤ ከሥራ ስትሮጥ የመጣች በመሆኗ የልኬት ሜትሯ አሁንም አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል።

«እናቴ ከሞተች ሁለት ዓመቷ ነው፤» አለች። «ዛሬ አባባ ሄደ። ወንድሜንም ከወሰዳችሁብኝ ከማን ጋር ነው የምቀረው?»

ቁጭበይ ማጽናኛ አታውቅበትም። ይልቅ ሰሌዳውን አሳየቻት። «ማን ማን ነው የሚጫወተው?»

«እሁድ እሁድ ነው። ቀዩ የአባባ፣ ሰማያዊው የወንድሜ። አረንጓዴውን ጎረቤታችን መምህሩና ፋርማሲስቱ ይፈራረቁበታል። እኔ ዳኛ ነኝ፤ ሲያጭበረብሩ እይዛለሁ።»

«ቢጫውስ?»

«የእማማ ነው። የመጨረሻ ቀኗ ስድስት ወጣላትና አንዲት ጠጠር አወጣች። ወዲያው ታመመች። ሆስፒታል ወሰድናት፤ አልተመለሰችም። አባባ ያቺን ጠጠር ማንም እንዳይነካት አለ። ሁለት ዓመት ሙሉ መውጫዋ ላይ እንደቆመች ነው፤ እኛ እየዞርናት እንጫወታለን።»

ይህን እያለች ወደ ሰሌዳው ቀረበች። ቢጫዋ ጠጠር መውጫዋ ላይ ቆማለች። የልጅቷ እጅ ወደ አፏ ሄደ።

«እዚህ መሆን የለባትም።»

ቁጭበይ መመላለሷን አቆመች። «ለምን?»

«ዘጠኝ ከሩብ ላይ አባባ ደወለልኝ። 'ወንድምሽ እስከ መቼ ከሞተ ሰው ጋር እንጫወታለን ቢለኝ ጮህኩበት። በኋላ ሳስበው እውነቱን ነው። ለእናትሽ ዳይሷን እየጣልን፣ ጠጠሯን አዙረን መሃል አስገባናት። እሱ አሁን ወጣ፣ እኔም ቁም ሣጥኗን ላጸዳ ነው' አለኝ። ማልቀስ እንጂ ሌላ ነገር አላሰብኩም።»

«ይህን ለማን ነገርሽ?»

«ላንቺ ብቻ።»

ዳይሷ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ብቻዋን ተቀምጣለች። ቁጭበይ አነሳቻት። «በባዶ እጅ ነው የምትጥሏት?»

«አይ፣ በእማማ የክኒን ብልቃጥ ውስጥ አንቀጥቅጠን ነው።» ልጅቷ ጠረጴዛውን፣ ሶፋውን፣ ወለሉን በዓይኗ ፈለገች። «የት ሄደ?»

ብልቃጡ የትም አልነበረም። መኝታ ቤት ግን ቁም ሣጥኑ ተከፍቷል፤ የሴት ቦርሳ አልጋው ላይ ተዘርግፏል። በሥራ ጠረጴዛው ላይ የሰዓት ሠሪው ማጉያ መነጽር በተጣጠፈ ወረቀት ላይ ተቀምጧል። ቁጭበይ ወረቀቱን ገልጣ አነበበችና ኪሷ ከተተችው።

አስከሬኑን አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ያገኘው መምህሩ ነው። ጡረታ ወጥቷል፤ ግድግዳ የሚጋራ ጎረቤት ነው።

«ዘጠኝ ተኩል ላይ በረንዳው ላይ ሆኖ ጠራኝ፤» አለ። «'ጠጠሯን መሃል አስገብተናታል፣ ከነገ ጀምሮ ቢጫው ያንተ ነው፤ ከዚያ ፋርማሲስት ጋር አረንጓዴ መሻማት ይብቃህ' አለኝ። እውነቱን ልንገርሽ፣ እንደ ሕፃን ነበር ደስ ያለኝ። አሁን ያሳፍረኛል።»

ፋርማሲስቱ የተገኘው መድኃኒት ቤቱ ውስጥ ነው። የመነጽሩን መስታወት እየጠረገ ተቀበላት።

«ከባለፈው እሁድ ወዲህ አላየሁትም። ዛሬ ደውሎ ስለ ግፊት ክኒኑ ጠየቀኝ እንጂ።»

«ቢጫዋ ጠጠር የት እንዳለች ያውቃሉ?»

«እሷን ማን የማያውቅ አለ? መውጫዋ ላይ ናት። ሁለት ዓመት ሙሉ ተነቃንቃ አታውቅም።»

በማግስቱ እሁድ፣ በጨዋታው ሰዓት፣ ሁሉም በዚያው ጠረጴዛ ዙሪያ ተሰበሰቡ። ሹፌሩን ሳጅኑ አምጥቶ አስቀመጠው፤ እኅቱ ክንዱን ይዛ አልለቅ አለች። ሳጅኑ ማታ ሹፌሩን ይዞ ወደ ጣቢያው እንደሚመለስ እርግጠኛ ነበር። ቁጭበይ ከወንበሮቹ ኋላ ትመላለሳለች፤ ሁሉም አንገታቸውን እያዞሩ ይከተሏታል።

«ይህን የሠራ ሌባ አይደለም፤» አለች። «ሌባ የወደቀ ጠጠር አይለቅምም። ገዳዩ ትግል እንዳልነበረ ለማስመሰል ሰሌዳውን መልሶ ደረደረ። ቢጫዋንም መውጫዋ ላይ አቆማት። ይህን ልማድ የሚያውቁት አራታችሁ ናችሁ። ነገር ግን ቢጫዋ ትላንት መሃል ገብታለች። ሹፌሩ በገዛ እጁ ነው ያስገባት። እኅቱ በስልክ ሰምታለች፤ መምህሩ በረንዳ ላይ። ያልሰማ አንድ ሰው ነው፤ እጁ የለመደውን ሠራ።»

ዓይን ሁሉ ፋርማሲስቱ ላይ አረፈ።

«ከሦስቱ አንዱ እኔን ለማስወንጀል አውቆ አስቀምጧት ቢሆንስ?» አለ።

«ደህና ጥያቄ ነው። ስለዚህ ወደ ብልቃጡ እንሂድ።» ከቦርሳዋ አንዲት ነጭ የፕላስቲክ ብልቃጥ አወጣች። «ዛሬ ጠዋት ከመድኃኒት ቤትዎ ባዶ ዕቃዎች መካከል የተገኘች ናት። ጽሑፏ ተልጧል።»

«እንደዚህ ያለ መቶ አለኝ።»

«መቶዎቹ ውስጣቸው ለስላሳ ነው። ይቺ ተጫጭራለች። ክኒን ደግሞ ፕላስቲክ አይጭርም።»

ዳይሷን ጨምራ አንቀጠቀጠቻት። ሹፌሩ ቀና አለ። መምህሩ ዓይኑን ጨፈነ። ያንን ድምፅ ሁለት ዓመት ሙሉ እሁድ እሁድ ሰምተውታል።

«ሰው ባዶ ብልቃጥ ለምን ይሰርቃል?» አለች ቁጭበይ፣ ወረቀቱን እየዘረጋች። «ሟች ቁም ሣጥኑን ሲያጸዱ የባለቤታቸውን የሐኪም ማዘዣ አገኙ። በማጉያ መነጽራቸው አነበቡት። 'በሳምንት አንድ ክኒን' ይላል። በየቀኑ ከተወሰደ የሚገድል መድኃኒት ነው።»

ልብስ ሰፊዋ የወንድሟን ክንድ ለቀቀች። «ብልቃጡ ላይ 'በቀን አንድ' ነበር የሚለው፤» አለች ቀስ ብላ። «የምሰጣት እኔ ነበርኩ። ቁርስ ስትበላ። አንድም ቀን አላሳለፍኩም።»

ፋርማሲስቱ መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ባለፈው እሁድ እንኳ በገዛ እጄ አንቀጥቅጫታለሁ፤» አለ። «ሁለት ዓመት ከፊቴ ተቀምጣ አንዴ እንኳ የራሴን ጽሑፍ አላነበብኩትም። ትላንት ጠርቶ አነበበልኝ። አልሰደበኝም። 'ነገ ስንሰበሰብ ራስህ ለልጆቼ ንገራቸው' አለኝ። እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ይቺን ልጅ እያየሁ ልናገረው አልቻልኩም።» እጁ ወደ ልብስ ሰፊዋ ተዘረጋና ተመለሰ። «ትራሱ አጠገቤ ነበር።»

«አንቺ የሰጠሻት የተጻፈውን ነው፤» አለቻት ቁጭበይ። «አሳስተው የጻፉት ፋርማሲስቱ ናቸው። ይህን ማታ ማታ ስታስቢው ያንኑ ደጋግመሽ ለራስሽ ንገሪው።»

ሳጅኑ ፋርማሲስቱን ይዞ ወጣ። ሹፌሩን ማንም ተነሣ አላለውም። ቁጭበይ ባዶ በቀረው ወንበር ላይ ቁጭ አለች።

ልብስ ሰፊዋ ቢጫዋን ጠጠር አነሳች። በቀጥታ መሃል ልታስቀምጣት ብትል እጇ አልታዘዝ አላት። መልሳ መውጫዋ ላይ አቆመቻትና አንድ በአንድ ታራምዳት ጀመር፤ በቀዩ በኩል፣ በሰማያዊው በኩል፣ በአረንጓዴው በኩል። ወንድሟ በለሆሳስ ይቆጥርላታል። መሃል ስትደርስ ሁለቱም አለቀሱ።

ከዚያ ሹፌሩ የቀሩትን ሦስት ቢጫ ጠጠሮች ለቀመና ወደ መምህሩ ገፋቸው።

«አባባ ቃል ገብቶልዎታል፤» አለ። «እሁድ ሲመጣ ይዘዋቸው ይምጡ።»