በአፍንጫ የገባ ኪኒን

«መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ይወስዳል?» ብላ ጠየቀች ጤና መኮንኗ ሔዋን፣ ዓይኗን ከታማሚው ሳታነሣ።

«አንዲት ቀን አላጓደለ!» አሉ አባትየው አቶ ቢተው። «ጠዋትም ማታም። እኔው ቁሜ ነው የማስወስደው።»

ልጃቸው የብርጓል የጤና ጣቢያውን ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች። አልጋው ላይ የተዘረጋው ታላቅ ወንድሟ፣ ዲያቆን እንዳላማው ነው። ያ የሚጥል በሽታ ከቀትር ወዲህ ሦስት ጊዜ ጥሎታል፤ ከሁለተኛው በኋላ ዓይኑን አልገለጠም። መጀመሪያ የወደቀው ቅዳሴ ላይ፣ ለማዕጠንቱ ፍም ይዞ ሲገባ ነበርና ግራ እጁ ተጠብሷል። ሰዎቹም የሚያውቁትን አደረጉ፤ ክብሪት ጭረው ጭሱን አስሸተቱት። ክብሪት ደግሞ ማንን አድኖ ያውቃል!

«ይህን ሁሉ እየዋጠ ከጣለው ኪኒኑ አልያዘውም ማለት ነው» አለች ሔዋን ካርዱ ላይ እየጻፈች። «መድኃኒቱን መቀየር ይኖርብናል።»

እየዋጠ! አለች የብርጓል በልቧ።

ነገሩ የተጀመረው ከዐሥር ቀን በፊት፣ እሷ በምትማርበት ዘጠነኛ ክፍል ውስጥ ነው። የባዮሎጂው መምህር ታዲዮስ ከደብረ ማርቆስ ያመጣውን ጽሑፍ ይዞ ገባና ስለ አዲስ ምርምር አወራቸው። መድኃኒቱን በዓይን በማይታይ የቅባት ጠብታ ውስጥ ከትተው በአፍንጫ ይነፉታል፤ ከአፍንጫ ጣሪያ ወደ አንጎል አቋራጭ መንገድ አለና ጠብታው በዚያ ሾልኮ ይገባል።

«ቲቸር፣ አያቴ በአፍንጫቸው የሚስቡት ሱረትስ በዚያው ነው የሚሄደው?» አለ የክፍል ጓደኛዋ ጌቱ፤ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

መምህሩም ሳቀ። «ገና በአይጥ ላይ ነው የሚሞከረው። ጠብታውን እንዲያ የሚያደቅቀው ማሽን ነው። እኛ ዘንድ እስኪደርስ እናንተ ልጅ ትወልዳላችሁ።»

ይህን ሁሉ ሰምታለች። ሰምታማ ነበር! ግን የዚያን ዕለት ለእንዳላማው ስታወራለት ፊቱ በራ። የሚቀድስ ሰው ውኃ እንኳ አይቀምስም፤ እሱ ደግሞ የጠዋቱን ኪኒን ካልዋጠ አይሆንለትም። ስለዚህ ሁለት ዓመት ሙሉ እኩዮቹ መቅደስ ሲገቡ እሱ ቅጥሩ ውስጥ ከዛፍ ሥር ቆሞ ነው ያስቀደሰው።

«በአፍ ካልገባማ ጾም አልፈታሁም!» አለ። «እና መጥቷል? ሰው እየወሰደው ነው?»

ያን ፊት እያየች አይጥ የሚባል ነገር ከየት ታውጣ? «አዎ፣ መጥቷል አሉ» አለች።

«እቤትስ ይሠራል?»

«ቅባት ነው እኮ። ለምን አይሠራም?»

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ነገ አስተካክለዋለሁ አለች፤ ነገም ነገን ወለደ። ሁዳዴ ነውና ቅቤ አይነካም፤ አባቷ የጠዋቱን ኪኒን ፈጭተው በኑግ ዘይት ለወሱለት። በየማለዳው አንገቱን ደግፈው በአፍንጫው ሲያንጠባጥቡለት እሷ ደብተሯን ይዛ ወደ ትምህርት ቤት ትሮጥ ነበር። እንዳላማው ቀደሰ። እናቷ ወለተ ማርያም በደስታ አለቀሰች። ታዲያ ከዚህ ወዲያ በምን አፏ ትናገር?

«አልዋጠውም» አለች የብርጓል አሁን።

ሔዋን ቀና አለች። «ምን አልሽ?»

«የጠዋቱን ኪኒን አልዋጠውም። በአፍንጫው ነው የገባው። ዘጠኝ ቀን ሆነው።»

«ያው አይደለም እንዴ?» አሉ አቶ ቢተው ግራ ተጋብተው። «አዲሱ መንገድ ነው እኮ። አንጎል ይደርሳል።»

«ኧረ አባቴ! የት ይደርሳል? የጠዋቱን ያው ሳይወስድ ነው የሰነበተው!» ሔዋን በሩን ከፍታ መርፌ እንዲያመጡና የደብረ ማርቆሱን አምቡላንስ እንዲጠሩ ጮኸች። ከዚያ ዘወር አለች። «ማነው እንዲህ አድርጉ ያላችሁ?»

«መምህሯ ነዋ!» አሉ አባትየው። «የተማረ ሰው ይዋሻል ብዬ እንዴት ልጠርጥር? ልጄን በላብኝ! ሰኞ ትምህርት ቤቱ ሄጄ አንገቱን ባላንቀው!» ወደ የብርጓል ዞረው ጭንቅላቷን ዳሰሱ። «አንቺማ ምን ታደርጊ፣ ልጄ። የነገሩሽን ነው።»

ዝም ብትል ያልፋል። መምህር ታዲዮስ ሰው አገር የመጣ ብቸኛ ሰው ነው፤ ቢምል ቢገዘት ማን ያምነዋል? የአባቷ መዳፍ ገና ራሷ ላይ ነው፣ ይሞቃል።

«አባ፣ መምህር ታዲዮስ አላለም» አለች። «ገና በአይጥ ላይ ነው ብሎናል። መጥቷል ያልኩት እኔ ነኝ።»

መዳፋቸው ተነሣ። በጥፊ እስኪመቷት ጠበቀች፤ ቢመቷት ይሻላት ነበር። እሳቸው ግን ቀስ ብለው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ።

«ያንጠባጠብሁለትስ እኔ አይደለሁ?» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን።

መርፌውን ተወጋ። እንዳላማው ትንፋሹ ከበደ እንጂ አልተንቀሳቀሰም።

«አሁንስ ሲነቃ፣ ከእንግዲህ መቅደስ አትገባም ብሎ ማን ይነግረዋል?» አሉ አቶ ቢተው።

«መጀመሪያ ይንቃ» አለች ሔዋን።

አምቡላንሱ ሲመጣ ቦታ ያለው ለአንድ አስታማሚ ብቻ ነው ተባለ። አባትየው ጋቢያቸውን እያስተካከሉ ተነሡ። የብርጓል ግን ቀድማ በሩ ላይ ደረሰች።

«እኔ ልሂድ፣ አባ» አለች። «እኔ ነኝ የምነግረው።»

አባትየው መልሰው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። አምቡላንሱ ላይ ወጥታ ከወንድሟ በስተቀኝ ተቀመጠችና ያልተቃጠለውን እጁን ያዘች።