የአያ እንዳላማው ካፕሱል

«ጥላነሽ ባሏን በመድኃኒት ገደለችው አሉ» ስትል ጎረቤቴን ኡሙልኸይርን ሱቋ ደጃፍ ሰማኋት። ባሏ አያ እንዳላማው ሲወድቅ ደንግጬ የጠጣበትን ኩባያ በነጠላዬ ጠቅልዬ የሮጥኩት እኔ ነኛ! ሦስት ቀን ያጠጣሁትም እኔው!

ኢንስፔክተር እየሩስ ከደብረ ማርቆስ መጣች። ቀጭን ናት፤ ዓይኗ ግን ሰው ይፈትሻል።

ጥላነሽ እያለቀሰች ካፕሱሉን አወጣች። «እግሩን እየጨመደደው እንቅልፍ ሲያጣ ገዛሁለት። ማግኒዥየም ብዙ ዓይነት ነው አለኝ ፋርማሲው። ሲትሬቱ ሆድ ያስኬዳል፣ ይሄ ግላይሲኔት ይሻለዋል ብሎ ሰጠኝ።»

የሟች ወንድም ደምለው ጣቱን ቀሰረባት። «ትናንት ስታስውጠው በዓይኔ አይቻለሁ! ቤቱን ፈልጋ ነው!»

በአባታቸው ቤት ውርስ ሲያጉረመርም የኖረው ግን እሱ ነው፤ አገር ያውቃል።

እየሩስ የካፕሱሉን ዕቃ ጽሑፍ አነበበችና ወደ እኔ ዞረች። «እማማ ዓይናዲስ፣ ሟቹ ይጾሙ ነበር?»

«ውይ ልጄ! ታሞም ፍልሰታን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው። መጥበሻው ቅቤ ነክቶት ይሆናል ብሎ የሰው ቤት ወጥ እንኳ አይቀምስ።»

«የዚህ ካፕሱል ቅርፊት ከከብት አጥንት ነው። ጥላነሽ፣ ነግረሻቸዋል?»

«ነገርኩት። የፍስክ ነው፣ ጾሙ ሲፈታ እውጠዋለሁ ብሎ አስቀመጠው።»

«ታዲያ ትናንት ምን ወሰዱ?»

እስር ቤቱ ታየኝ። ቤቴ ሄጄ ኩባያውን አምጥቼ ፊቷ አኖርኩት። ከሥሩ ነጭ ዝቃጭ ተጣብቋል።

«የበጠበጠው ደምለው ነው። የጾም መድኃኒት ነው፣ ከእርስዎ እጅ እምቢ አይልም፣ ያጠጡልኝ አለኝ።»

በማግስቱ ሁላችንንም ለቅሶው ድንኳን ውስጥ ሰበሰበችን።

«ካፕሱሉን አልዋጡም፤ ጾመኛ ነበሩ» አለች። «ዱቄት ግን ቅርፊት የለውም፣ ስለዚህ ጠጡ። የማግኒዥየም ሲትሬት ዱቄት ባዶ ጣሳ በደምለው ሻንጣ ውስጥ ተገኘ። ሐኪሙንም ጠየቅሁ። ኩላሊታቸው ስለደከመ ማግኒዥየም የሚባል፣ በየትኛውም ዓይነቱ፣ እንዳይነኩ፣ ይገድላቸዋል ብሎ ነበር። የነገረው ለአስታማሚው ነው። ሐኪም ቤት ይዟቸው የሄደው ማነው?»

ሁላችንም ወደ ደምለው ዞርን።

«ረሳሁት!» አለ ላቡ እየወረደ። «ሆዱ ደርቆበት አዝኜለት ነው!»

ኡሙልኸይር ከወደኋላ ብድግ አለች።

«ካዘንክለትማ ኩባያውን ለምን በዚች አሮጊት እጅ አስያዝከው?»

እየሩስ ካቴናዋን አውጥታ ወደ ደምለው ተራመደች።