ሁለት ጊዜ የታረመው ፎቶ

ፎቶ አንሺው ከስድስተኛ ፎቅ ጣሪያ ወድቆ ሲሞት፣ ፖሊስ ጥፋተኛውን ለማግኘት ግማሽ ሰዓት አልፈጀበትም። የሕንፃው ዘበኛ ነዋ! ሽማግሌ፣ ደሃ፣ ጠበቃ የሌለው። በሦስተኛው ቀን መዝገቡ የተሰጣት መርማሪ ስታነበው ደሟ ፈላ።

ማስረጃው አንድ ረጅም ፎቶ ነው። የሟቹ ታናሽ ወንድም በዚያው ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ከጣሪያው ሆኖ ዙሪያውን በስምንት ፎቶ አንስቷል፤ የሟቹ ሚስት ደግሞ በማግስቱ ፖሊስ ሲጠይቃት በኮምፒውተር አያይዛቸዋለች። ሰባተኛው ላይ የጣሪያው የብረት አጥር ተሰብሮ ይታያል። ወንድምየው «ለዘበኛው ነግሬው ወረድኩ፤ እሱ ግን ቸል አለ» ብሏል። ሟቹ የወደቀው በአራት ሰዓት፣ በዚያው ስብራት በኩል ነው።

መርማሪዋ ረጅሙን ፎቶ ይዛ ሚስትየዋ ወዳለችበት ወደ ሟቹ ፎቶ ቤት ሄደች። «ሰማዩ እዚህ ጋ ምን ሆኖ ነው?» አለች። ሰባተኛው ፎቶ ከጎረቤቶቹ ጋር በሚጋጠምበት፣ በግራም በቀኝም፣ ነጭ ሰንበር ወጥቷል።

«የኔ ጥፋት ሳይሆን አይቀርም» አለች ሚስትየዋ፣ ዓይኗ በለቅሶ አብጦ። «ሌንሳችን የፎቶውን ዳር ያጠቁራል። እንዲሁ ካያያዝኩት መጋጠሚያው ሁሉ ይጠቁራል። ስለዚህ ለስምንቱም ዳራቸው ላይ እኩል ብርሃን ጨመርኩ።»

«ከእርስዎ በፊት የሚነካው አለ?»

«ማንም! ፎቶ ሳይነካ ለኔ እንዲደርስ የባሌ ሕግ ነበር። በዚህ ከወንድሙ ጋር ስንቴ ተጣልተዋል!»

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም እዚያው ሰበሰበቻቸው። ዘበኛው እጃቸው በሰንሰለት እንደታሰረ ቆመዋል። ወንድምየው እግሩን አነባብሮ ተቀምጧል።

«ሰባቱ ፎቶዎች ዳራቸው ጠቁሮ መጡ፤ ብርሃን ሲጨመርላቸው ልክ ሆኑ» አለች መርማሪዋ። «ሰባተኛው ግን ዳሩ ቀድሞ ታርሞ ነው የመጣው። በላዩ ላይ ሲጨመርበት ነጣ። ማነው ቀድሞ የነካው?»

«ሌንስ አንዳንዴ እንዲህ ያደርጋል» አለ ወንድምየው።

«ሌንሱ አንድ ነው፤ ስምንት ጊዜ እንዲህ ባደረገ ነበር! ጠዋት ያነሳኸው ሰባተኛ ፎቶ አጥሩን ደህና አድርጎ ያሳያል። ስለዚህ አጠፋኸው። ስብራቱን ያነሳኸው ወንድምህ ከወደቀ በኋላ ነው። ብርሃኑ ተለውጦ ስለነበር ከሌሎቹ ጋር ለማመሳሰል አስተካከልከው፤ ፕሮግራሙ ሳታውቀው ዳሩንም አብሮ አረመው። የካሜራውን ሰዓት መቀየር እንደሆነ ቀላል ነው። ጠዋት ደህና የነበረውን አጥር ማን ሰበረው? ሰው ታች ሬሳውን ከቦ ሲጮህ፣ አንተ ላይ ሆነህ ፎቶ ታነሳ ነበር!»

ወንድምየው ብድግ አለ። «ሃያ ዓመት! እኔ አነሳለሁ፣ የሱ ስም ይጻፍበታል! ያን ቀንም በኔ ፎቶ ላይ እንደ ሕፃን ተቆጣኝ። ገፋሁት! አጥሩ ይሰበራል ብዬ መች አሰብኩ?»

ሚስትየዋ ዞራ እንኳ አላየችውም። «አባባን ፍቷቸው» አለች።

መርማሪዋ ሰንሰለቱን ራሷ ፈታችና «ይቅርታ ያድርጉልን፣ አባባ» ብላ እጇን ዘረጋች። ሽማግሌው አልጨበጧትም።

«አጥሩ ጠዋት ደህና ነበር፣ ተደግፌበታለሁ እያልኩ ሦስት ቀን ለፈለፍኩ» አሉ። «ማን ሰማኝ? እናንተ የምትሰሙት ፎቶ ሲናገር ነው።»

ኮፍያቸውን አንስተው ወጡ። መርማሪዋ የተዘረጋ እጇን መለሰች።