ቁጥር ያጡ ሁለት ቅጠሎች

ሳሌም ሰባ አንደኛውን ቅጠል ከእርጥቡ ጋዜጣ አንስታ ደረቁ ላይ ስታጋድም ዓይኗ መከደን ጀምሮ ነበር። ገና መቶ ሃያ ዘጠኝ ይቀራታል። ነገ ደግሞ የሒሳብ ፈተና አለ።

ሁለት መቶዎቹ ቅጠሎች የእህቷ የሰርካለም ናቸው። ሰርካለም ዩኒቨርሲቲ ስለ ዕፅዋት ታጠናለች። ከአስተማሪዋ ከዶክተር ኢዮብና ከሌሎች ተመራማሪዎች ጋር፣ በስተምዕራብ ሰው እምብዛም ረግጦት የማያውቅ ጥቅጥቅ ያለ ደን ውስጥ ሃያ ቀን ከርማ መጥታለች። ይዛ የመጣችው ሁለት ነገር ነው፤ በጋዜጣ መሃል የተጋደሙ ቅጠሎችና ወባ። ዩኒቨርሲቲ ካለው ማድረቂያ ተራ እስኪደርስ ሁሉም ድርሻውን ቤቱ እያደረቀ ይቆይ ተባለ። ስለዚህ ወባው ለሐኪም፣ ቅጠሎቹ ለሳሌም ደረሱ።

ሥራው ሲነገር ቀላል ነው። ቅጠሉ በጋዜጣ መሃል ተጋድሞ፣ ከላይና ከታች በእንጨት ፍርግርግ ተይዞ በገመድ ይጠፈነጋል። ጋዜጣው እርጥበቱን ይመጥጠዋል፤ በየቀኑ ካልተቀየረ ግን ቅጠሉ ይሻግታል። የዘንድሮ የበልግ ዝናብ ደግሞ እንጦጦን አልለቅም ብሏል። ሳሌም ከትምህርት ቤት ወጥታ የሽሮ ሜዳን ዳገት ትወጣለች፤ በመንገዷ ከጓደኛዋ ከኡመይማ አባት ሱቅ አሮጌ ጋዜጣ ትለምናለች፤ ከዚያ ወለሉ ላይ ተንበርክካ አንድ በአንድ ትቀይራለች። ይኸው ዘጠነኛ ቀኗ ነው። ወገቧም ጉልበቷም አስተያየት መስጠት ጀምረዋል።

በእያንዳንዱ ቅጠል ላይ ቁጥር የተጻፈባት ትንሽ ወረቀት በክር ተንጠልጥላለች። ቅጠሉ ከየት እንደተቆረጠ የተመዘገበው በሰርካለም ማስታወሻ ደብተር ውስጥ ነው፤ ቅጠሉንና ደብተሩን የሚያገናኛቸው ያ ቁጥር ብቻ ነው። ይህን ሰርካለም የመጀመሪያው ቀን ከትራሷ ቀና ብላ አስረድታታለች።

«ከየት እንደመጣ ያልታወቀ ቅጠል የላም መኖ ነው» ብላት መልሳ ተኛች።

ሳሌም የሸማኔ ልጅ ናት። አባቷ አቶ በድሉ እዚያው ቤት ጥግ ላይ ሸማ ይሠራሉ፤ ያለቀውን ነጠላ ጫፉን የምትቋጨው፣ ትርፍ ክሩን የምትቆርጠው ደግሞ እሷ ናት። ከስድስት ዓመቷ ጀምሮ። ተንጠልጥሎ የቀረ ክር ካየች እጇ አያስችለውም። አንድ ጊዜ ሰልፍ ላይ ከፊቷ የቆመችውን ልጅ የሹራብ ክር ስባ እጅጌውን እስከ ክርኑ ተርትራዋለች። ያን ዕለትም ሦስት ነጠላ ቋጭታ ሳታርፍ ነበር ወደ ቅጠሎቹ የዞረችው፤ መቀሱም ከአጠገቧ አልራቀም። ሁለቱን ተከታይ ቅጠሎች ጎን ለጎን አጋደመቻቸው። ዓይኗ ተከደነ፤ እጇ ግን ሥራውን ቀጠለ። ቀጭ፣ ቀጭ። የባነነችው ሁለት ትናንሽ ወረቀቶች ጉልበቷ ላይ ሲወድቁ ነው።

ሰባ ሁለትና ሰባ ሦስት። ቅጠሎቹ መንታ ይመስላሉ፤ ሁለቱም ረጃጅሞች፣ ሁለቱም ጫፋቸው የሾለ። አንደኛው ላይ ብቻ አንዲት የጠወለገች አበባ አለች። ሳሌም በድንጋጤ ደብተሩን ገለጠች። ሰባ ሁለት ከተራራው ጫፍ የመጨረሻው ነው፤ ሰባ ሦስት ከወንዙ ዳር የመጀመሪያው። በሁለቱ መካከል የአንድ ሙሉ ቀን የእግር መንገድ አለ። በእነዚያ ቀናት ሰርካለም ትኩሳቱ ጀምሯት ስለነበር የጻፈችው ቦታውን ብቻ ነው፤ ስለ አበባ አንድም ቃል የለም። ደኑ ውስጥ የተነሱትን ፎቶዎች እንዳታይ የሰርካለምን ስልክ ወንዝ ወስዶታል።

እህቷን ልትቀሰቅሳት ወደ አልጋው ሄደች። ሰርካለም ሦስት ብርድ ልብስ ደርባ ትንቀጠቀጥ ነበር። ሳሌም ተመልሳ አበባ ያለውን ሰባ ሦስት ብላ አሰረችው። ወንዝ ዳር አበባ ይበዛል ብላ ነው፤ ሌላ ምክንያት የላትም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ቅጠሎቹ ደርቀው ዶክተር ኢዮብ ወሰዷቸው። ሰርካለምም ተነስታ መቀመጥ ጀመረች። ሳሌም እነዚያ ሁለቱ የትም የሚበቅሉ፣ ማንም የማይጠይቃቸው ተራ ቅጠሎች እንዲሆኑ ስትመኝ ከረመች። ዓርብ ዕለት በአቶ በድሉ ስልክ ተደወለ። ሰባ ሦስት ቁጥር እስከ ዛሬ በሳይንስ ያልተመዘገበ ዝርያ ሳይሆን አይቀርም አሉ ዶክተር ኢዮብ፤ ለማረጋገጥ ግን ከበቀለበት ቦታ ተጨማሪ ናሙና ያስፈልጋል። ኅዳር ላይ ቡድን ይላካል፤ ሰርካለም ትመራዋለች። ጉዞ የሚፈቀደው ለአንድ ቦታ ብቻ ስለሆነ ቦታውን ጽፋ ቶሎ እንድትልክላቸው ጠየቋት። ሰርካለም ስልኩን ዘግታ ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቀች። አቶ በድሉም ሥራቸውን አቁመው ግንባሯን ሳሟት።

ሳሌም ጋዜጣ ልመልስ ብላ ወጥታ ኡመይማ ሱቅ ሄደች፤ ሁሉንም ዘረገፈችላት። ኡመይማ ሚዛኑን እየወለወለች አዳመጠቻት።

«ግማሽ በግማሽ እኮ ነው» አለቻት በመጨረሻ። «ልክ ልትሆኚም ትችያለሽ። ዝም በይ በቃ፣ ማን ያውቃል?»

ሳሌም ይህን ይዛ ተመለሰች። ልክ የሆነው ግማሽ ደህና ነበር፤ ያኛው ግማሽ ነው አላስበላ ያላት። ሰርካለም ከወባዋ ተነስታ፣ ሌሎች ሰዎችን አስከትላ፣ እዚያ የሌለ ተክል ፍለጋ ያን ሁሉ ጭቃ ስትረግጥ ታያት። ባዶ እጃቸውን ሲመለሱ ደግሞ የምትጠየቀው እሷው ናት።

ቅዳሜ ጠዋት ሰርካለም በር ላይ ፀሐይ እየሞቀች፣ ጭኗ ላይ ላፕቶፕ አስቀምጣ ትጽፍ ነበር። ሁለት መስመር ጽፋ ታርፋለች፤ ጣቶቿ ገና አልጠነከሩም። ሳሌም ከኋላዋ ቆማ አነበበች። «የናሙናው መገኛ፦ ወንዝ ዳር» ይላል።

«ሰርኬ፣ አትላኪው» አለች።

ሰርካለም ዞር ብላ አየቻት። ሳሌም አጠገቧ ተቀመጠችና መቀሱን፣ ክሩን፣ አበባዋን ሁሉንም ነገረቻት። ስትጨርስ ሰርካለም ጣቶቿን ከላፕቶፑ ላይ አነሳች። ፊቷ በወባው ጊዜ እንኳ እንዲህ አልገረጣም።

«ሁለቱን ብቻ ነው?»

«ሁለቱን ብቻ። ሌሎቹን አልነካሁም።»

«ያን ዕለትስ እሺ፣ ታምሜ ነበር። ትናንት ሲደወል ለምን አልነገርሽኝም?»

«ትናንት ደስ ብሎሽ ነበር።»

ሰርካለም ላፕቶፑን ከደነችው። እህቷ ብትቆጣት፣ ብትሰድባት ለሳሌም ይሻላት ነበር፤ ሰርካለም ግን ለቁጣ የሚሆን ጉልበትም ያላት አትመስልም። ዓይኗን በመዳፏ ሸፍና ቆየች፤ ከመዳፏ ሥር እንባ ወረደ። እንዲህ ያለ ግኝት ዓመት ሙሉ ስትጠብቅ እንደነበር ሳሌም ታውቃለች።

«ዶክተር ኢዮብ ምን ይሉኝ ይሆን» አለች ሰርካለም፣ ለራሷ እንደምታወራ። ፊቷን በእጅጌዋ ጠርጋ የአባቷን ስልክ አነሳች። ቁጥሩን ነክታ ግን ወደ ጆሮዋ አልወሰደችውም፤ ስልኩ ጭኗ ላይ ሆኖ ይጠራ ጀመር።

ሳሌም እጇን ዘረጋች። «ስጪኝ።»

ሰርካለም አየቻት፤ ከዚያ ሰጠቻት።

«ሄሎ ጎበዜ፣ ላክሽው እንዴ?» አሉ ዶክተር ኢዮብ። ድምፃቸው ደስታ በደስታ ነበር።

ሳሌም ስልኩን ጆሮዋ ላይ ጠበቅ አድርጋ ያዘች። «ሰርካለም አይደለሁም» አለች። «እህቷ ሳሌም ነኝ። ቅጠሎቹን ያደረቅኳቸው እኔ ነኝ፤ የምነግርዎት ነገር አለ።»