ሃያ አራት ብዬ የጻፍኩት ጉድጓድ

ይህን ከሰው አልሰማሁትም። በእኔው ላይ የደረሰ ነው። የማያምን ካለ መዳፌን መጥቶ ይይ፤ ገመዱ የላጠው ቦታ ዛሬም ጠባሳ አለው።

ግንቦት 1976 ዓ.ም.። ከቀኑ ስድስት ሰዓት። ከቆቦ ወደ ዋጃ ሲሄዱ፣ ከመኪናው መንገድ ግማሽ ሰዓት በእግር ገባ ብሎ ያለ ሜዳ።

ጨለማ አልነበረም። ፀሐይ አናታችን ላይ ነበረች። ይህን ልብ በሉልኝ...

ይርጋ እባላለሁ። ያኔ የሃያ ሦስት ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ። ሥራዬ የጉድጓድ ውሃ መለካት ነው። በየአሥር ቀኑ ሰባት ጉድጓዶች እዞራለሁ። ጫፉ ላይ ብረት የታሰረበትን ሜትር ጠመኔ ቀብቼ ወደ ታች እለቃለሁ፤ ስስበው ጠመኔው የረጠበበትን አይቼ ውሃው የቱ ጋ እንዳለ እጽፋለሁ። ውሃ ከሌለም ብረቱ መሬት የነካበትን ቁጥር እጽፋለሁ።

አለቃችን ጥናቱን ሲያስረዱን እንዲህ ይሉ ነበር።

«የእኛ ዝናብ የሚነሳው ከሩቅ ባሕር ነው። እዚያ የተለወጠውን የራያ ጉድጓድ እዚህ ይነግረናል። የዓለም አየር እየተለወጠ እንደሆነ የምናውቀው እናንተ በምትጽፉት ቁጥር ነው። አንዷ ቁጥር ከዋሸች ጥናቱ ሁሉ ዋሸ።»

እኔ ዋሸሁ።

ጉድጓዱ የሙሀመድሰይድ ነበር። ራሱ ነው የቆፈረው፤ ከጎብዬ እስከ ዋጃ እሱን የሚያህል ጉድጓድ ቆፋሪ አልነበረም። ወዳጄም ነበር። ሚስቱ ራቢዓ ምሳዋን ሳልበላ አታሳልፈኝም።

የዚያን ዓመት በልግ ቀረ። ከብቱ አለቀ። ለእነ ራቢዓ ሦስት ላሞች ብቻ ቀሩ። ጉድጓዱም ሚያዝያ ላይ ደረቀ። ጥልቀቱ ሃያ አራት ሜትር።

ግንቦት መጀመሪያ ላይ ሜትሩን ስለቅ ሃያ አምስት ላይ ቆመ።

ማንም አልቆፈረም።

ተሳስቼ ይሆናል ብዬ ደገምኩት።

ሃያ ስድስት...

ሜትሩን ሳብኩት። ጠመኔው ደረቅ ነው። ግን አራት መስመር ተስሎበታል። ሰው በጣቶቹ የዳበሰው ይመስላል።

ይህን ብጽፍ አለቃዬ ይስቁብኛል ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ ያለፈውን ቁጥር ገለበጥኩ። ሃያ አራት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔ ሞኝም ነበርኩ፣ ወረቀትም ይዤ ነበር።

ከአሥር ቀን በኋላ ስመለስ ሙሀመድሰይድ ሊወርድ ተዘጋጅቷል። ሁለት ሜትር ከቆፈርኩ ውሃው አይጠፋም ብሎ። ወንድሙ አህመድ ገመድ እየለካ ነው።

«ይርጋዬ፣ አፈር ገብቶበት ይሆናል፤ አሁን ስንት ላይ ነው?» አለኝ ሙሀመድሰይድ።

ልናገር አፌን ከፈትኩ። ምን ልበል? ጉድጓዱ በራሱ ጠለቀ ልበል?

«ሃያ አራት» አልኩ።

ገመዱን በእኔ ቁጥር ቆረጡት። ቆፋሪ ገመድ አያተርፍም፤ የተረፈ ገመድ እታች እግር ይጠልፋል። ጫፉን አጠገቡ ካለው ግራር ግንድ ጋር አሰሩት።

ሊወርድ ሲል ጠጋ አለኝ።

«ሰው እታች እያለ ስሙ አይጠራም፣ እሺ? የሚናገረው ገመዱ ነው። አንዴ ከሳብኩ ባልዲ። ሁለቴ ከሳብኩ እኔን።»

«ቢጠራስ?»

«አይጠራም አልኩህ እኮ!»

«ቢስሚላሂ» ብሎ ወረደ።

እኔና አህመድ ገመዱን ቀስ እያልን ለቀቅን። ራቢዓ ላሞቹን ይዛ ግራሩ ሥር ቆማለች።

ገመዱ አለቀ።

ግን አልላላም... ሰውየው ተንጠልጥሏል።

«መሬት አልነካም» አለ አህመድ በሹክሹክታ። «ሃያ አራት ነው አላልክም?»

ገመዱን ጠበቅ አድርጌ ያዝኩ።

«ይርጋ! ሃያ አራት ነው አላልክም ወይ?»

«ሳቡት!» አለች ራቢዓ። «በአላህ ሳቡት!»

መሳብ ጀመርን። ሁለት ክንድ ያህል መጣ። ከዚያ ገመዱ ወደ ታች ተመነጨቀ። መዳፌ ተላጠ።

ላላ።

ምንም ክብደት የለውም። ባዶ ገመድ...

የገደልኩት እኔ ነኝ። ያኔ ያሰብኩት ይህን ብቻ ነበር። ምላሴ ቀደመኝ።

«ሙሀመድሰይድ!»

አህመድ አፌን በእጁ አፈነው። ምን ዋጋ አለው፣ አንዴ ወጥቷል።

ዝም...

ዝም...

«አቤት።»

ድምፁ የእሱ ነው። ግን ቅርብ ነበር። ጆሮዬ ሥር።

ገመዱም ሁለቴ ተሳበ።

ሳብነው። ቀላል ነበር፤ ሁለት ሰው የሚያስፈልገው አልነበረም። አናቱ ታየ፣ ትከሻው ታየ፣ ወጣ።

ራቢዓ «አልሐምዱሊላህ!» እያለች ተጠመጠመችበት። እኔ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። አያፍርም ካላችሁኝ በሉኝ፤ ነፍስ አጠፋሁ ብዬ ነበር።

እንባዬን ጠርጌ ቀና ስል እግሩን አየሁ። አፈር አልነካውም። ልብሱም አቧራ የለበትም።

ፈገግ ብሏል።

«ውሃ አለ» አለ።

አህመድ ባልዲውን ለቀቀ። እውነትም ሞልቶ መጣ። ጥርት ያለ፣ ቀዝቃዛ ውሃ። ራቢዓ እልልታዋን አቀለጠችው። ውሃውን ገንዳ ላይ ገልብጠን ላሞቹን ወደሱ ነዳን።

ሦስት ቀን ውሃ ያልቀመሱ ላሞች ናቸው።

አሸተቱት። አልጠጡም።

ገንዳውን አለፉ። ሙሀመድሰይድንም ዞር ብለው ሳያዩት አለፉት። ጉድጓዱ አፍ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። አንገታቸውን ወደ ታች ሰደው ሦስቱም «እምቧ...» ይሉ ጀመር። ከብት ያሳደገ ያውቀዋል፤ ላም እንዲህ የምትለው የጌታዋን ድምፅ ስትሰማ ነው።

እልልታው ተቋረጠ።

ባልዲው ከራቢዓ እጅ ወደቀ። ቀስ ብላ ወደ ባሏ ዞረች።

አጠገቤ ቆሟል። ላሞቹን ያያል። አሁንም ፈገግ እንዳለ ነው። ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ በለሆሳስ ጠየቀኝ።

«የማን ከብቶች ናቸው?»