ከሁለቱም ስልክ ይጥፋ

«እዚህ ጋ ‹ሆዴ› በይው» አለ ፕሮሰስ፣ ስክሪኑን በእስክሪብቶው ጫፍ እየነካ። «‹ሆዴ፣ አንተ ከሄድክ እንቅልፍ የለኝም።› እሱ ደግሞ ‹የኔ ማር› ብሎ ይመልስላት። የቪዛ መርማሪዎቹ እንዲህ ያለውን ይወዳሉ።»

ምላጭ ፊቷ ሁለት ስልክ ተቀምጦላታል። አንዱ አጠገቧ የተቀመጠችው የእናቷ ነው። ሌላው ፕሮሰስ ለዛሬ የአባቷ ይሁን ብሎ ከመሳቢያው ያወጣው፣ ጥጉ የተሰነጠቀ ስልክ ነው። በአንዱ እንደ እናቷ፣ በሌላው እንደ አባቷ እየሆነች የሦስት ዓመት ፍቅር እስከ ምሳ ሰዓት ጽፋ መጨረስ አለባት። ቀኖቹን እሱ በኮምፒውተር ያስተካክላል። አባቷ በሕይወቱ ማንንም «የኔ ማር» ብሎ አያውቅም። እናቷን የሚጠራት «አንቺ ሴት» እያለ ነው፤ እሷም ስሟን ከሚጠራት ይልቅ እንደዚያ ሲላት ደስ ይላት ነበር።

ምላጭ ያሏት የክፍሏ ልጆች ናቸው፣ በአፏ ስለት። ሰው ባየች ቁጥር መጀመሪያ ዓይኗ የሚያርፈው እንከኑ ላይ ነው፤ ፕሮሰስ ላይ ደግሞ ዓይኗ ማረፊያ አላጣም። ስሙ የወጣለት ስለማንም ጉዳይ ሲጠየቅ «ፕሮሰስ ላይ ነው» ስለሚል ነው። ቢሮው ከፎቶ ኮፒ ቤት ጀርባ ያለች መስኮት የሌላት ክፍል ናት። ግድግዳው ላይ የዓለም ካርታ ለጥፏል፣ ጠረጴዛው ላይ አንድ ክንፉ የተሰበረ የፕላስቲክ አውሮፕላን አቁሟል። ሰውን ሁሉ ባሕር አሻግራለሁ የሚለው ሰውዬ ራሱ ሦስት ጊዜ ቪዛ ጠይቆ ሦስቴም ተከልክሏል። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት እሱ ነው። ይሄ ሁሉ ሆኖ ደግሞ ክራባት ያስራል።

እናቷ ግን «ጋሼ» ትለዋለች። በአሥር ዓመት ትበልጠዋለች፣ ግን «ጋሼ»። ላውንደሪ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ከእንፋሎት ካውያ ጋር ስትታገል የምትውል፣ ለነገረኛ ደንበኛ እንኳ አንገቷን የማትደፋ ሴት፣ እዚህ ክፍል ስትገባ ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አቅፋ «እርስዎ እንዳሉ» ማለት ብቻ ሆነ ሥራዋ። ምላጭን ከሁሉም በላይ ያንገበገባት ይሄ ነው።

አባቷ የማተሚያ ቤት ሠራተኛ ነበር። መታተም የሌለበት ነገር አትማችኋል ተብሎ ጓደኞቹ ሲታሰሩ እሱ አመለጠ። በሰው አገር ጥገኝነት ጠይቆ ሁለት ዓመት ጠበቀ፤ ወረቀቱን እንዳገኘ ለሚስቱና ለልጁ አመለከተ። አሁን ደግሞ መጠበቁ የእነሱ ተራ ሆኗል። ባለፈው ወር ማመልከቻውን ከሚያየው የስደተኞች ቢሮ ደብዳቤ መጣ። ትዳሩ ያልፈረሰ መሆኑን የሚያሳይ የመልእክት ልውውጥ በሠላሳ ቀን ውስጥ ካልቀረበ ማመልከቻው ውድቅ ይሆናል ይላል። እናቷን በዓይኑ አይቷት የማያውቅ ሰው፣ ባሏን መውደዷን በማኅተም ሊያረጋግጥ ነው። ምላጭ ሳቋ መጣ። እናቷ አልሳቀችም፤ ስልኳ ውስጥ ከአራት ወር በፊት የመጣ አንድም መልእክት የለም። ለጠየቃት ሁሉ «ስልኩ በላው» ትላለች።

ስልኩ አልበላውም። ከአራት ወር በፊት ምላጭ በእናቷ ስልክ የዳንስ ቪዲዮ ልታወርድ ስትል ቦታ የለም አላት። ቦታውን ማን እንደያዘው ስትፈልግ አባቷን አገኘች። በየጠዋቱ ወደሚያጥባቸው አውቶቡሶች ሲሄድ እየቀረጸ የሚልከው የሦስት ዓመት ድምፅ ነው። ስለ ብርዱ፣ ስለ ጎረምሳው አለቃው፣ «አንቺ ሴት፣ ትናንት ወንበር ሥር ምን ባገኝ ጥሩ ነው? አንድ እግር ጫማ። ሰውዬው ምን አድርጎ ነው ቤቱ የገባው?» እያለ። አጥፋ አለችው። ስልኩ ከሁለቱም ስልክ ይጥፋ ወይ ብሎ ሲጠይቃት ሳታነብ አዎ አለች። ቪዲዮው አርባ ሰከንድ ነበር። ማታ ሰለቻትና እሱንም አጠፋችው።

ከዚያ ወዲህ የአባቷ ወሬ አጠረ። «ደህና ናችሁ? እኔ ደህና ነኝ» ብሎ ይዘጋል። አንድ ቀን ምላጭን ብቻዋን ሲያገኛት «እናትሽ ተቀይማኛለች እንዴ?» ብሎ ጠየቃት። ሦስት ዓመቱን ሙልጭ አድርጋ ያጠፋችው ሚስቱ መስላዋለች። ያኔ እውነቱን መናገር ይቻል ነበር። «አይ፣ ሥራ በዝቶባት ነው» አለችው።

እናቷ በበኩሏ ለጎረቤት «ወረቀቱን አገኘ፣ ፊቱን አዞረ» ስትል ምላጭ ሰምታለች። ደብዳቤውን ሲልክላቸው እንኳ የጻፈው «ማስረጃ ካላችሁ ላኩ» ብቻ ነው። «ካላችሁ?» አለች እናቷ። ሁለቱም ኩሩ ናቸው፤ ከሚጠይቁ ውስጥ ውስጡን ቢቃጠሉ ይመርጣሉ። ሞኞች፣ ትላለች ምላጭ በልቧ። ለራሷ የምትሰጠው ስም ግን ከዚያ ይብስ ነበር፤ ስለዚህ ስለ ራሷ አታስብም።

«አሁን ትንሽ ጸብ እናስገባበት» አለ ፕሮሰስ እጁን እያፋተገ። «ጸብ የሌለበት ትዳር አይታመንም። ‹ለምን ዝም አልከኝ?› ትበለው።»

ምላጭ ጻፈችው። ከዚያ የተሰነጠቀውን ስልክ አነሳች። አሁን አባቷ መሆን ነበረባት፤ ግን አንድም ፊደል አልነካችም።

«ጻፊ እንጂ» አለ ፕሮሰስ። «‹ሥራ በዝቶብኝ ነው› በይ፣ አለቀ።»

የራሷ ውሸት ነው፣ ቃሉ እንኳ አልተለወጠም። ጠዋቱን ሙሉ ስትጸየፈው የነበረው ባለ ክራባትና እሷ ለካ የአንድ ሙያ ሰዎች ናቸው። እሱስ እንጀራው ነው። እሷ ለአርባ ሰከንድ ዳንስ ነው እዚህ የደረሰችው። ራሷን እንደዚያች ደቂቃ ንቃ አታውቅም።

እናቷ አጎንብሳ ስክሪኑን አየችው። «ምን ብሎ እንደሚመልስ እኔም ባወቅኩ» አለች፣ ቀስ ብላ።

ምላጭ የተሰነጠቀውን ስልክ ወደ ፕሮሰስ ገፋችው። የእናቷን ስልክ ወስዳ የአባቷን ስም ፈለገችና ድምፅ መቅረጫውን ተጭና ያዘች።

«አባዬ፣ እኔ ነኝ። መልእክቶቹን ያጠፋኋቸው እኔ ነኝ፣ ለዳንስ ቪዲዮ ቦታ ስፈልግ። እማዬ አታውቅም። አንተ ስትጠይቀኝም ዋሸሁህ። አልተቀየመችህም። አንተ የተቀየምካት መስሏት ነው።»

ጣቷን አነሳች። መልእክቱ ሄደ።

እናቷ ረጅም ጊዜ አየቻት። ያቺ እንከን ለቃሚ ዓይኗ የምታርፍበት አጥታ፣ ምላጭ የተሰበረውን የአውሮፕላን ክንፍ ማየት ጀመረች። «ቤት እንገናኛለን» አለች እናቷ በመጨረሻ። በእርግጥም ቤት እንደሚገናኙ ምላጭ አልተጠራጠረችም።

ፕሮሰስ ክራባቱን አላላ። ልጅ ነች ያጠፋችው ተብሎ ለዚያ ቢሮ እንደማይጻፍ፣ ሌላ ደንበኛ ውጭ እየጠበቀው እንደሆነ፣ የጀመሩትን ቢጨርሱ እንደሚሻል አስረዳ። የእናቷ ስልክ ላይ መልእክቱ መሰማቱን የሚያሳየው ምልክት መጥቶ ነበር። ከአባቷ ስም ሥር «ድምፅ እየቀረጸ ነው» የሚል ጽሑፍ ታየ። ጠፋ። ተመልሶ መጣ። ይሄኛው አልጠፋም፤ አንድ ደቂቃ አለፈው፣ ሁለተኛውንም ጀመረ።

እናቷ ቦርሳዋን ከጉልበቷ አንስታ መሬት ላይ አስቀመጠችና ወንበሯን ወደ ስልኩ ሳበች።

«እህቴ፣ ሰዓቱ እየሄደብን ነው» አለ ፕሮሰስ።

«አንተ» አለችው፣ ዓይኗን ከስልኩ ሳታነሳ፣ «ትንሽ ዝም በል።»