ጫማውን ያላወለቀው አከራይ

አከራዩ በልብስ ሰፊዋ ክፍል መሐል በጀርባው ተንጋሎ ነበር። መሐል አናቱ ተበርቅሶ ደሙ በጆሮው ሥር ወርዶ ወለሉ ላይ ረግቷል። አጠገቡ ደም የተለወሰ ካውያ ወድቋል። ሰፊዋ ደግሞ እስከ ክርኗ በደም ተነክራ፣ እጆቿ በካቴና ታስረው፣ ጥግ ላይ ቁጭ ብላለች።

መርማሪዋ ገባች። ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል፤ ስንቱ ወሬ ቢፈስባት ዱቄቱን አሳልፋ ገለባውን ታስቀራለችና።

«አለቃ፣ ያለቀ ነገር ነው» አላት ካቴናውን ያጠለቀው ፖሊስ። «ባለፈው ሳምንት "ዳግመኛ ክፍሌ ብትገባ ደምህን አፈሰዋለሁ" ስትለው ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል። ዛሬ ከሥራ መጣች፣ አገኘችው፣ ጨረሰችው።»

«አንተም ቸኩለህ ጨረስካት» አለችና አስከሬኑ አጠገብ ተንበረከከች።

ሟቹን ተከራዮቹ «አባ ጎብኝ» ነበር የሚሉት። ክፉ አይባልም፤ ብቻ ዓይኑ አያርፍም። «ቤቴን ልይ» እያለ ሰው በሌለበት ከወገቡ የማይለየውን የመክፈቻ እስር ይዞ ይገባል። አልጋ ሥር ያያል፣ ድስት ይከፍታል፣ ቁም ሣጥን ይበረብራል። ቤቱስ የእሱ ነው እንበል፤ የሰው ገመና የማን ነው? ይህን ብሎ የሚሞግተው አልነበረም፤ ተከራይ ነዋ፣ ውጣ ቢባል የት ይገባል!

«እህቴ፣ ስትመጪ በሩ እንዴት ነበር?» አለች ወንፊት።

«ገርበብ ብሎ። እሱ ነው ብዬ እየተሳደብኩ ገባሁ። ወድቆ ሳየው ነፍስ ያለው መስሎኝ አቅፌ ቀና አደረግሁት። አልገደልኩትም! ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ከእኔ በቀር ማንም የላትም። እኔ ከታሰርኩ ማን ይቀበላታል?»

«ድሮ ሲገባብሽ እንዴት ታውቂ ነበር?»

«መጀመሪያ አላውቅም ነበር፤ ኮቴ የለውማ! ወለሉ እንዳያሳብቅበት ጫማውን ደጃፍ ላይ አውልቆ በካልሲ ነው የሚገባው። ባለፈው ሳምንት ቀድሜ ብመጣ ጫማው ደጄ ላይ ቁጭ ብሏል። በማግስቱ የበሩን ቁልፍ በአዲስ አስቀየርኩ።»

«ማን ቀየረልሽ?»

«ጠጋኙ፣ ቤቱን የሚጠግነው የአከራዩ ሚስት ወንድም። እሱ እንኳ ደግ ነው፤ "ለጋሼ አልነግርም" ብሎ ገጠመልኝ። ሁለት መክፈቻ ሰጠኝ፤ አንዱ እኔ ጋ ነው፣ አንዱ ልጄ አንገት ላይ።»

ወንፊት የሟቹን እግር አየች። ጥቁር ጫማው ክሩ ጥብቅ ብሎ ታስሯል። ከወገቡ እስሩን ፈትታ መክፈቻዎቹን አንድ በአንድ በሩ ላይ ሞከረች፤ አንዱም አልዞረም። ተመልሳ ፊቱ ላይ አጎነበሰች። ሽፋሽፍቱና ትከሻው ነጭ ብናኝ ለብሷል፤ ደሙ ከብናኙ በላይ ነው። ቁስሉ ደግሞ ጠባብና ክብ፣ አጥንቱ ወደ ውስጥ ሰርጉዷል። ሦስት ጊዜ ነው የተመታው። ቀና ብላ ጣሪያው ላይ ያለውን መብራት አየችና ወደ ኮሪደሩ ወጣች።

የጎን ክፍል ተከራይ የሆነው በያጅ እጁን አጣጥፎ ቆሟል።

«እኔ ብገድለው ደጅ አውጥቼ፣ ሰው እያየ ነበር!» አላት ሳትጠይቀው። «ሚስቴ ገላዋን ስትታጠብ የገባ ሰው ነው። እንባ ከየት ላምጣለት?»

የሟች ሚስት በወንድሟ ትከሻ ተደግፋ ታለቅሳለች። «ስንቴ መከርኩት! "ተው፣ የሰው ጓዳ ነው" ስለው "የእኔ ቤት ነው" ይለኛል። ካልሲው እኮ ታጥቦ አይነጻም፤ ከሥሩ ሁልጊዜ ጥቁር ነው።»

«እህቴን ተይልኝ» አለ ጠጋኙ። «ገዳይዋ ታስራ የለ እንዴ?»

«አንተ ይህን ክፍል ታውቀዋለህ?»

«ከደጃፉ አልፌ አላውቅም። ቁልፉን ገጠምኩ፣ ሄድኩ።»

«የሥራ ቦርሳህን ልየው?»

ሰጣት። ከፍታ አየችና ለፖሊሱ አስያዘችው። አስከሬኑ አንሶላ ከለበሰ በኋላ ሁሉንም ወደ ክፍሉ ጠራቻቸው።

«ይህ ሰው ሊጎበኝ ሲገባ ጫማውን ያወልቃል» አለች። «ሰፊዋም ሚስቱም መስክረዋል። ዛሬ ግን ጫማው እግሩ ላይ ነው። ሊጎበኝ አልገባም ማለት ነው፤ በሩ ክፍት ሆኖ አገኘውና ሌላ ጎብኚ ላይ ዘው አለ።»

«ሰፊዋ ላይ ነዋ!» አለ ጠጋኙ።

«ቆይ፣ አትቸኩል። ሟቹ ረጅም ነው፤ ሰፊዋ ከደረቱ አታልፍም። የተመታው ግን መሐል አናቱ ላይ ነው። መቺው ወንበር ላይ ቆሞ ነበር። ጣሪያውን ሲፈለፍል ሟቹ ከሥሩ ቀና አለ፤ ብናኙ ዓይኑ ላይ ወረደ፤ ሲያቀረቅር መዶሻው አናቱን አገኘው። የካውያ ቁስል ሰፊ ነው፤ ይህ ክብ ነው። ካውያውን ደም የለወሰው እሷን ለማስበላት ነው።»

ወንበር ስባ ወጣች። የመብራቱን ሽፋን ስትፈታ ከጥፍር የማትበልጥ ካሜራ በሽቦ ተንጠልጥላ ወረደች። ሌንሷ አልጋው ላይ አነጣጥሯል። ሰፊዋ በታሰረ እጇ አፏን ያዘች።

«በሩ አልተሰበረም። የሟቹ መክፈቻም አይሠራም። በያጁ፣ ይህ ዓይነት ቁልፍ ከሱቅ ሲገዛ ስንት መክፈቻ አለው?»

«የእኔም በር እሱ ነው። ሦስት።»

«ለሰፊዋ የደረሳት ሁለት። ሦስተኛው የገጠመው ሰው ኪስ ቀርቷል።» ቦርሳውን ተቀበለችና ከፈተችው። «እስቲ እዩ። መጋዙ አቧራ፣ ጉጠቱ ቅባት፣ መሮው ዝገት። መዶሻው ብቻ እንደ ማንኪያ ታጥቧል፤ እጀታው ገና እርጥብ ነው። ወንድሜ፣ መዶሻ የሚያጥብ ሠራተኛ የት አየህ?»

ጠጋኙ ወደ በሩ ተወረወረ። በያጁ መንገድ ላይ ጠበቀውና በቡጢ አፉን አለው፤ ጥርሱ ወለሉ ላይ ዘለለ። ፖሊሱ ላዩ ላይ ወጥቶ ኪሱን ሲፈትሽ ሦስተኛዋ መክፈቻ ወጣች።

እህቱ ኮሌታውን አነቀችው። «ምን አደረገህ? ያበላህ፣ ያኖረህ ሰው ምን አደረገህ?»

«"እነግራታለሁ" አለኝ!» አለ ደም እየተፋ። «እሱ! ዕድሜውን ሙሉ የሰው ጓዳ ሲበረብር የኖረ፣ እኔን "ነውር ነው፣ አሁኑኑ ለሰፊዋ እነግራታለሁ" አለኝ!»

እህቱ በጥፊ መታችው፤ ደገመችው፤ ማንም አልያዛትም። ሰፊዋ ካቴናዋ ሲፈታ ከአንሶላው ሥር ብቅ ያሉትን ጫማዎች አየችና ስትረግመው ለኖረችው ሰው እዬዬ ብላ አለቀሰች። ከዚያ እጇን ታጥባ ልጇን ልትቀበል ሮጠች።

ወንፊት ከቀብሩ በኋላ ምስክርነት ልታስፈርም ተመለሰች። ሰፊዋ በበያጁና በሚስቱ ክፍል ውስጥ የስፌት መኪናዋን ዘርግታ ትሰፋለች፣ ልጇ ታጠናለች፣ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ጥቁር የለበሰችው የሟች ሚስት የባሏን የመክፈቻ እስር በእጇ ይዛ ደጃፉ ላይ ቆማለች። መክፈቻዎቹን ለየተከራዩ ልታድል ነው የመጣችው።

ሁሉም እያዩዋት፣ ክፍቱን በር በጣቷ አንኳኳች።

«ልግባ?» አለች።

ሰፊዋ መኪናውን አቆመችና ወንበር ሳበችላት። «ይግቡ፣ እትዬ።»